እባቧ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች ወይ?

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው፤ 20 ዓመቴ ነው። ባል ፓይተን የምትባል ሴት እባብ አለችኝ። 2 ዓመት ከ2 ወሯ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ስመዝናት 1,520 ግራም ሆናለች። 1,500 ከሞላች መራባት ትችላለች ይባላል። ወንዱ ስፓይደር የሚባለው መልክ ያለው ነው፤ 14 ወሩ ነው፣ 640 ግራም ይመዝናል። እሷ ምግብ ካቆመች 5 ሳምንት አለፋት፤ የውሃ ሳህኗን አቅፋ ነው የምትውለው። ‹ወንድ ፈልጋ ነው› አሉኝ። ኖቬምበር እየተጋመሰ ስለሆነ ወቅቱ እንዳያመልጠኝ ሰግቻለሁ። ላገናኛቸው? ደግሞም ሳጥኖቻቸው ጎን ለጎን ናቸው፤ ሽታው ችግር ያመጣ ይሆን? እናቴ ‹ሁለቱን የቻልኩት አንሶ ልታረባልኝ ነው?› እያለች ነው። ፎቶዋንና የምግብ መዝገቧን አያይዣለሁ።»

ወንድሜ፣ ዘንድሮ አታገናኛቸው። ቀጠሮውን ለሚመጣው ዓመት ኦክቶበር አድርገው፤ ያኔም ቢሆን ከዚህ በታች የምነግርህን አይተህ ነው። ይኸው ጥያቄ በየዓመቱ ቅዝቃዜ ሲገባ ከብዙ ሰው ስለሚመጣልኝ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

በመጀመሪያ ግን «ባል ፓይተን» ብለህ የጻፍከውን ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ። ገና ባል ሳታገባ ባል የተባለች! ስሟ የመጣው ከኳስ ነው፤ ስትደነግጥ ጭንቅላቷን መሃል ደብቃ ድቡልቡል ስለምትል። እኔ «ቦል» እያልኩ እቀጥላለሁ፣ አለዚያ ጽሑፉ ሁሉ ሰርግ ሰርግ ይለናል።

1,500 ግራም የሚለው ቁጥር ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ለዓመታት ያረቡ ሰዎች ከዚያ በታች ያለች ሴት እንቁላል ስትጥል እንደምትጎዳ በተደጋጋሚ አይተው ያስቀመጡት ወለል ነው። ችግሩ ሰው ወለሉን እንደ ግብ መያዙ ነው። ቁጥሩን ያየ ሁሉ እባቡን ወደ ቁጥሩ ያበላል፤ ሚዛኑ 1,500 ሲል «ደረሰች» ይላል። እኔ ያደግሁት ሰሜን ሸዋ፣ ከብት ባለበት ቤት ነው። አባቴ ጊደር ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ሆዷን አይቶ አይዋዋልም ነበር። ነጋዴው በዋዜማው ጨው አልሶ ውሃ እንደሚያጠጣ ያውቃል። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ዳሌዋን ይዳብሳል፣ ጥቂት አስረምዶ አረማመዷን ያያል። ሚዛን ጨርሶ አልነበረውም፤ ነገር ግን ያበጠውን ከጎለመሰው ይለይ ነበር። እባብ ላይም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

መዝገብ መያዝህ ደስ ብሎኛል። ብዙዎቹ ደንበኞቼ እባባቸው መጨረሻ የበላችበትን ቀን የሚነግሩኝ በግምት ነው። ያንተ መዝገብ ግን ካንተ በላይ ተናግሯል። ባለፈው ዓመት ዲሴምበር 680 ግራም ነበረች። ከዚያ በየ5 ቀኑ መካከለኛ አይጥ፣ ከማርች ጀምሮ ደግሞ በየሳምንቱ ትልቅ አይጥ። በ11 ወር ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨመረች። ቦል ፓይተን እንዲህ ስትመገብ አጥንቷና የመራቢያ አካሏ የየራሳቸውን ጊዜ ወስደው ያድጋሉ፤ ከዚያ የተረፈው ሁሉ ስብ ይሆናል። ስቡ የሚቀመጠው ሆዷ ውስጥ፣ ከአንጀቷና ከእንቁላል ማፍሪያዋ ጎን ነው፤ ሲበዛ ጉበቷም ውስጥ ይገባል። ሚዛን ላይ ያየኸው 1,520 ውስጥ ያ ሁሉ አለበት።

ሁለተኛውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት፣ ከላይ ያነሳሃትን። ጀርባዋ ላይ የአከርካሪዋ መስመር ጎድጎድ ብሏል፤ ግራና ቀኙ እንደ ሁለት ትራስ ተነስቷል። ተጠምዛ ባልተኛችበት ቦታ ጭምር በቅርፊቶቿ መካከል ቆዳዋ ይታያል። ጤናማ የሆነች አዋቂ ሴት ከመሃል ተቆርጣ ብታስባት የሳር ቤት ክዳን ትመስላለች፦ ከላይ አከርካሪው ለስለስ ያለ ጫፍ ይሠራል፣ ጎኖቹ ሞልተው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። የከሳች እንደ ቢላ ጀርባ ትሾላለች። የወፈረች ደግሞ እንዳንተዋ ክዳኑ መሃል ላይ ይሰረጉዳል። ጣትህን በአከርካሪዋ ላይ በቀስታ ስታስኬድ አጥንቱ ሊሰማህ ይገባል፤ መውጋት ግን የለበትም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ፣ ይህንን ሰው አያሰላውም። ቦል ፓይተን በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 እንቁላል ትጥላለች። የአንዱ እንቁላል ክብደት በአማካይ 85 ግራም ነው እንበል። 6 ብትጥል 510 ግራም፣ ማለትም ካንተ እባብ ክብደት ሲሶው ነው። በዚያ ላይ እንቁላሎቹ መሙላት ከጀመሩ በኋላ አብዛኞቹ ሴቶች ምግብ ይተዋሉ፤ ስለዚህ ይህን ሁሉ የምትከፍለው ለወራት ምንም ሳትበላ ከገላዋ ነው። በዱር ያሉት ሴቶች በየዓመቱ የማይወልዱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ያጡትን ለመመለስ አንድ ሁለት ዓመት ያርፋሉ። ጡንቻና አጥንት ያላት ሴት ትከፍላለች፣ ታገግማለች። በስብ የሞላች ወጣት ግን ምጡ ላይ አቅም ያንሳታል። እንቁላሉን ገፍቶ የሚያወጣው ጡንቻ ነው።

አንዱን ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ቦል ፓይተን በፎጣ ተጠቅልላ መጣችልኝ። የተገናኘችው በ20 ወሯ፣ በ1,480 ግራም ነው። 4 እንቁላል ጥላለች። ባለቤቱ «ጨርሳለች» ብሎ 4 ቀን ጠበቀ። ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋት ኋላዋ ላይ፣ ከመውጫዋ ከፍ ብሎ፣ ሁለት እብጠት በእጄ ተሰማኝ፤ አንዱ ስነካው ወደፊት ይንሸራተታል፣ ሌላው ፍንክች አይልም። ላምና በግ ላይ የምንመካበት የምጥ መርፌ እባብ ላይ እምብዛም አይሠራም፤ የሚንሸራተተውን በብዙ ትዕግሥት አወጣነው፣ ለሌላው ሆዷን መክፈት ግድ ሆነ። እንቁላሉ ከቱቦው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነበርና ያን ወገን ቆርጠን አወጣን። እባቧ ተረፈች። የድሮ ክብደቷን ለመያዝ ግን 11 ወር ፈጀባት፣ ባለቤቱም ከልጆቹ ሊያገኝ ካሰበው ብዙ እጥፍ ለሕክምና ከፈለ። ያንን ሰው አልወቅሰውም፤ እሱም እንዳንተ «1,500 አካባቢ ናት» ተብሎ ነው።

ወደ ሳህኑ እንመለስ። ውሃ ሳህን ማቀፍ የመራቢያ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንቁላል እየገነባች ያለች ሴት ቀዝቃዛ ነገር ትወዳለች፦ ወደ ሳጥኑ ቀዝቃዛ ጥግ ትሄዳለች፣ ሳህኑን ትጠመጥማለች፣ አንዳንዴም ሆዷን ወደ ላይ ገልብጣ ትተኛለች። መጀመሪያ ያዩት ሰዎች «ሞተች» ብለው ይደውሉልኛል። ነገር ግን ማይት የሚባለው የእባብ ቅማል ያለባት እባብም ሳህን ውስጥ ትውላለች፤ ከሙቀት የምትሸሽ እባብም እንደዚሁ። ስለዚህ ስለ ወንድ ከማሰብህ በፊት እነዚህን ሁለቱን አጣራ።

ለቅማሉ፣ ከስሯ ያለውን ጉዝጓዝ አውጥተህ ነጭ ወረቀት አንጥፍላት፣ አንድ ሌሊት አሳድራት። ጠዋት ወረቀቱ ላይና ሳህኑ ግርጌ እንደ ቁንዶ በርበሬ ደቃቅ ጥቁር ነጥብ ካየህ፣ ነጥቡም ከተንቀሳቀሰ፣ አገኘኸው። ከአገጯ ስር ያለውን ስንጥቅና የዓይኗን ዙሪያ በባትሪ እይ፤ እዚያ ነው የሚሸጎጡት። ካለ፣ መድኃኒቱን ከእባብ ሐኪም ውሰድ፤ ለውሻ የሚሸጠውን እንዳትቀባት።

ለሙቀቱ ደግሞ ፎቶህ ላይ የሳጥኑ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ክብ ቴርሞሜትር አያለሁ፤ 84 ዲግሪ ፋራናይት ትላለች። ያቺ የምትነግርህ የግድግዳውን ነው። እባቧ የተኛችው ወለሉ ላይ፣ ከማሞቂያው ምንጣፍ በላይ ነው። የማሞቂያው ሽቦ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ መሰካቱንም አይቻለሁ፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት የለውም። ሆዷ የሚነካው ቦታ 100 ዲግሪ ቢያልፍ አይገርመኝም። ዛሬውኑ ቴርሞስታት ግዛ፣ መለኪያ ሽቦውን ወለሉ ላይ አድርግ፤ ሙቁ ወገን ከ88 እስከ 90፣ ቀዝቃዛው ከ76 እስከ 80 ይሁን። ይህን ካስተካከልክ በኋላ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሳህኑን ከተወችው፣ ፍቅር ሳይሆን ሙቀት ነበር ያቃጠላት።

5 ሳምንት አለመብላቷ ብቻውን አያስደነግጠኝም። ቦል ፓይተን በብርድ ወራት ምግብ በመተው የታወቀች ናት፤ ወንዱም ሴቷም፣ ለመራቢያ የተያዙትም ያልተያዙትም። በየሳምንቱ መዝናት። ከክብደቷ ከመቶ 10 እጅ በላይ ከቀነሰች፣ ወይም አፏን ከፍታ ስትተነፍስ ካየሃት፣ ወይም ስትተነፍስ ፉጨትና ጩርጩርታ ከሰማህ፣ ያኔ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ውሰዳት። ያንተዋ እስካሁን የቀነሰችው 18 ግራም ነው። ስንቅ አላት፣ እመነኝ።

ታዲያ መድረሷ በምን ይታወቃል? ላም ኮርማ ስትፈልግ ትጮኻለች፣ ትቅበጠበጣለች፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እባብ ድምፅ የላትም። ወንድ ገብቶ ቢጠቃቀሱ፣ ጅራታቸው ለሰዓታት ተቆላልፎ ቢውል እንኳ ደርሳለች ማለት አይደለም፤ ያልደረሰችም ትቆለፋለች። እውነቱ ያለው ሆዷ ውስጥ ነው፣ ፎሊክል የምንለው የእንቁላል ጥንስስ ላይ። ያረፈች ሴት ጥንስሶቿ ጥቃቅን ናቸው፤ ከ10 ሚሊሜትር በታች። ገላዋ «ዘንድሮ እችላለሁ» ሲል ማደግ ይጀምራሉ። ከ10 አልፈው ወደ 20 ሲጠጉ ወንድ ማስገባት ትርጉም ይኖረዋል። ወደ 40 ሲደርሱ ከእንቁላል ማፍሪያዋ ሊፈቱ ተቃርበዋል። ይህን በእርግጠኝነት የሚያሳይህ አልትራሳውንድ ነው፤ ማደንዘዣ አያስፈልገውም፣ ጄል ቀብተን ሆዷ ላይ እናስኬዳለን፣ ጥንስሶቹ ስክሪኑ ላይ ተሰልፈው ይታያሉ፣ አንድ በአንድ እንለካቸዋለን። ከምርመራ ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ነው። እባቦቹም ጄሉ ከቀዘቀዘ በስተቀር ቅሬታ የላቸውም።

ልምድ ያላቸው አርቢዎች በእጃቸው ያውቃሉ። እባቧን በግራ እጅ ይዘው ቀኝ እጃቸውን ከሆዷ ስር ያደርጋሉ፣ የሚጠብቁትም ከሰውነቷ መሃል ዝቅ ብሎ ባለው ክፍል ነው። ጣቶቻቸውን ላላ አድርገው እሷ ራሷ ወደፊት እንድትሳብ ይተዋታል። ጥንስሶቹ ካሉ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አንድ በአንድ ጣት ላይ እየተንከባለሉ ያልፋሉ። ይህን ስጽፍልህ እንድትሞክረው አይደለም። መጀመሪያ የሚሞክር ሰው ሁሉ ይጫናል፤ የተጫነ ጥንስስ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል፣ አስኳሉ ሆዷ ውስጥ ከፈሰሰ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ላይ ጀማሪ እጅ የአንጀት ቋጠሮን ከጥንስስ አይለይም፤ ስንቱ የደረቀ ኩሷን ዳብሶ «አርግዛለች» ብሎኛል!

ከዚያ ያለው ጉዞ የራሱ ሰዓት አለው። ጥንስሶቹ ሲፈቱ መሃል ሰውነቷ አንድ ትልቅ አይጥ የዋጠች ይመስል ድንገት ያብጣል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ስለሚጠፋ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ከዚያ ቀለሟ ፈካ ይላል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቆዳዋን ትጥላለች። ይህን ቀን ካሌንደር ላይ ክበበው፤ ቆዳ ከጣለች በኋላ አንድ ወር ገደማ ቆይታ እንቁላል ትጥላለች። አሜሪካ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ወንድ የሚገባው ከኦክቶበር ወይም ኖቬምበር ጀምሮ ነው፤ እንቁላሉ የሚመጣው በፀደይ ነው። ይህ የሰዎች ሥርዓት ብቻ አይደለም። አገሯ ምዕራብ አፍሪካ፣ ጋና፣ ቶጎ፣ ቤኒን፣ እንቁላል የምትጥለው በደረቁ ወራት መጨረሻ ነው፤ ጫጩቶቹ ዝናብ ሲጀምር፣ አይጥ ሲፈላ እንዲወጡ። ቤኒን ውስጥ ዊዳ በምትባለው ከተማ ለእነዚሁ እባቦች የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ፤ ሰዉ ያከብራቸዋል፣ ከቤቱ ገብተው ቢያገኛቸው አንስቶ ይመልሳቸዋል። ለእናትህ ንገራት፤ ባትቀበልህም ትገረማለች።

ወቅቱ ያመልጠኛል የሚለውን ስጋት ግን ተወው። ቦል ፓይተን በሰው እጅ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። በ2020 እዚሁ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ የአራዊት ፓርክ ውስጥ ዕድሜዋ ከ60 ዓመት በላይ እንደሆነ የተገመተች ቦል ፓይተን 7 እንቁላል ጥላለች፤ ያውም ከ15 ዓመት በላይ ከወንድ ጋር ሳትገናኝ! የወንድ ዘር ለረጅም ጊዜ በማቆየት ወይም ያለ ወንድ በራሷ በማፍራት፣ ሁለቱም በእባብ ዓለም ይታወቃሉ። እንግዲህ የ2 ዓመት እባብ ይዘህ «ሊያልፍባት ነው» አትበለኝ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትራባ ሴት 3 ዓመት ቢሞላት እመርጣለሁ። ክብደቷም 1,700 አካባቢ ደርሶ እዚያው ሲረጋ ማየት እፈልጋለሁ። በጾም ወራት የማይናድ፣ በአንድ ወር የማይዘል ክብደት ማለቴ ነው።

ወንዱ ሌላ ነገር ነው። በአካል ደርሷል። ወንድ ቦል ፓይተን ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 700 ግራም፣ ዓመት አልፎት ሲሄድ ይችላል፤ የሚያወጣው እንደ ሴቷ አይደለምና። ሌሊት ሳጥኑን ሲዞር ያድራል፣ ምግብ ይቀንሳል፤ ቆዳውን ሲጥል ከጅራቱ ስር በኩል ባለው ቆዳ ላይ ሁለት ደረቅ ክር የመሰለ ነገር ካገኘህ ያ የዘር ፈሳሽ ቅሪት ነው። ወንድ መድረሱ ግን ሴቷን አያደርስም። ይህን ለወጣት ወንድ መጻፌ ነገር ፍለጋ እንዳይመስልብኝ።

እሱ ላይ ያለኝ ጥያቄ ጂኑ ነው። ስፓይደር መልኩ ያምራል፣ አልክድም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ጥቁር መስመር። ነገር ግን ይህ ጂን ከራስ መንቀጥቀጥ ጋር አብሮ ይወረሳል። ምክንያቱ የውስጥ ጆሮ አፈጣጠር ላይ ነው፣ ሚዛን የሚጠብቀው ክፍል ላይ። አንዱ ሲበላ ብቻ ጭንቅላቱ ያዘነብላል፤ ሌላው እንደ ቡሽ መፍቻ ይጠማዘዛል፣ አይጡን ስቶ አየር ይነክሳል። አባቱ ቀላል ስለሆነ ልጁ ቀላል ይሆናል ማለት አይደለም። ከተራ ሴት ጋር ብታገናኘው ከልጆቹ በአማካይ ግማሾቹ ይወርሱታል። እንግሊዝ አገር ያለው ዓለም አቀፍ የሄርፔቶሎጂ ማኅበር በራሱ ትርዒቶች ላይ ስፓይደር እንዳይሸጥ ከልክሏል። እኔ አላራባውም። አንተ የራስህ ውሳኔ አለህ፣ አስቀድመህ ግን አይጥ ሲያቀርቡለት ቪዲዮ አንሳውና ጭንቅላቱን ደጋግመህ እይ።

ጾታቸውን ማን አረጋገጠልህ? «ሻጩ ነገረኝ» ከሆነ ለሐኪም አሳይ። ቀጭን መመርመሪያ ዘንግ ከመውጫው ወደ ጅራት በኩል ሲገባ፣ ሴት ላይ ከ2 እስከ 4 ቅርፊት ያህል ሄዶ ይቆማል፣ ወንድ ላይ 7 እና ከዚያ በላይ ይዘልቃል። ከመውጫቸው ጎን ያለችውን ጥፍር መሳይ እሾህ አይቶ መፍረድ አያስተማምንም፤ ሁለቱም አላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሴቷ» ስትባል የኖረች እባብ ወንድ ሆና ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው። ቤተሰቡ ከጾታው ይልቅ ስሙን መቀየር ነበር የከበደው።

ሁለቱ ከተለያየ ቦታ የመጡ ከሆነ በሽታም አለ። ሳንባ የሚያጠቃው ኒዶቫይረስ ምልክት ሳያሳይ ለረጅም ጊዜ ይደበቃል፤ አንድ ቀን አብረው ሲያድሩ ሊተላለፍ ይችላል። ከአፍ በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ከመገናኘታቸው በፊት ሁለቱም ይመርመሩ። አዲስ የመጣ እባብ ደግሞ ለ90 ቀን ከሌላው ተለይቶ፣ በተለየ ክፍል፣ በተለየ ዕቃ ይቆይ።

እስከ ኦክቶበር ድረስ የሚከተለውን አድርግ። ሙቀቱን ካስተካከልክና መብላት ከጀመረች በኋላ ከ80 እስከ 100 ግራም የሚመዝን አይጥ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ስጣት፤ ከዚያ በላይ አትስጣት። በረሃብ ለማክሳት አትሞክር፤ ስቡ ባንዴ ሲቀልጥ ጉበቷን ይጎዳል። ሳጥኑን ወደ 4 ጫማ ርዝመት አሳድገው፣ ጠንካራ ቅርንጫፍና ሁለት መደበቂያ አስገባበት። ቦል ፓይተን መሬት ለመሬት ብቻ የምትኖር ይመስለዋል ሰው፤ ቅርንጫፍ ስትሰጣት ሌሊት ስትወጣበት ታያታለህ፣ ጡንቻ የሚሠራውም ያ ነው። በሴፕቴምበር ከላይ ፎቶ አንስተህ ከዛሬው ጋር አስተያይ፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ጎድጓዳ ሞልቶ ክዳኑ ቅርጹን መያዝ አለበት። በኦክቶበር መጨረሻ ለአልትራሳውንድ ውሰዳት። ጥንስሶቹ ካደጉ፣ እናገናኛታለን። ካላደጉ፣ የመጣህበትን መንገድ ትመለሳለህ፤ ዓመቱን ገላዋ ነው የሚመርጠው።

በዚህ መሃል ስለ ልጆቹም አስብ። 6 ጫጩት 6 ሳጥን ነው፣ 6 ማሞቂያ ቦታ ነው፤ ራሳቸውን ችለው ብዙ ጊዜ ሳይበሉ አይሸጡም፣ አንዳንዱ ደግሞ ወር ሙሉ አፉን አይከፍትም። ተራ መልክ ያለው ቦል ፓይተን ዛሬ ገበያው ላይ ርካሽ ነው፤ የአይጡንና የመብራቱን ወጪ ከመለሰልህ ዕድለኛ ነህ። ለገንዘብ ብለህ ከሆነ ሌላ ሥራ ፈልግ። ለማየት ብለህ ከሆነ ግን፣ እናቲቱ በእንቁላሎቿ ዙሪያ ተጠምጥማ እንደ ዶሮ ታቅፋ ስታያት ልፋቱ ሁሉ ይረሳሃል።

ስለ ሽታው የጠየቅኸኝ፦ ጎን ለጎን መሆናቸው አይጎዳቸውም። ወንዱ ሽታዋን ካገኘ ሌሊት ይቅበጠበጥ ይሆናል፣ አፍንጫውን ክዳኑ ላይ እስኪላጥ ድረስ ካሸው ሳጥኑን ወደ ሌላ ክፍል ውሰደው። ክዳኑ መቆለፉን ግን አረጋግጥ፤ 640 ግራም የሚመዝን የፈለገ ወንድ ቀዳዳ አያጣም፣ እናትህም ሶፋው ስር እንድታገኘው አልመክርም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ እባቧ የተቀመጠችበት ሚዛን፣ ጎኑ ላይ ዱቄት ያለበት፣ የእናትህ የኩሽና ሚዛን ነው አይደል? እባብ ጤነኛ ሆና ሳልሞኔላ የሚባለውን ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ ትሸከማለች። ዛሬ በሳሙናና በጀርም ማጥፊያ እጠበውና መልስላት፣ ወይም የተሻለው፣ ለእሷ አዲስ ግዛላትና ያንን ለእባቧ ውሰደው። የፕላስቲኩን ዕቃ ክብደት መቀነስህን አትርሳ፤ መዝገብህ ላይ ሁለት ቦታ የረሳኸው ይመስለኛል፣ ጁላይ 9 እና ኦገስት 20 ላይ በሳምንት 140 ግራም ጨምራ አይቻለሁ።